ድምፁ ተሻገረ፣ መንገዱ ግን ቀረ

ከደሴ ተነሥቶ በአቀስታ በኩል ወደ መካነ ሰላም የተጓዘ ሰው የምዕራብ ደቡብ ወሎን ደጋ አቀማመጥ አይረሳውም። ከየጋራው ሥር የሚፈልቀው ምንጭ ወደ ጅረት፣ ጅረቱ ወደ በሽሎ ወይም ወደ ወለቃ፣ በሽሎና ወለቃም ወደ ዓባይ ይገባሉ። ዓባይ ዳር ቆሞ ውኃውን የሚመለከት ሰው የትኛው ጭልፋ ከቦረና፣ የትኛው ከሳይንት እንደ መጣ ለይቶ ሊናገር አይችልም፤ ይህን ሊናገር የሚችለው የተፋሰሱን ካርታ የያዘ ብቻ ነው።

በኮምፒውተር የሚካሄድ የሙዚቃ ቀረጻም ከዚህ የራቀ አሠራር የለውም። እያንዳንዱ ማይክሮፎን የያዘው ድምፅ በየራሱ ትራክ ላይ ያርፋል፤ ተዛማጅ ትራኮች ባለሙያዎች «ባስ» በሚሉት የጋራ መስመር ይደመራሉ፤ ባሶቹም በመጨረሻ ማስተር ወደ ተባለው ዋና መውጫ ይፈስሳሉ። የድምፅ ባለሙያው የሚቀንሰውን የሚቀንሰው፣ የሚያጎላውን የሚያጎላው፣ ማስተጋባት የሚጨምረው ድምፁ በዚህ ጉዞ ላይ ሳለ ነው። በዚህ ጸሐፊ እምነት፣ ከአንድ የቀረጻ ሶፍትዌር ወደ ሌላው በምንዛወርበት ጊዜ ድምፁ ያለ ብዙ ችግር ይሻገራል፤ መንገዱ ግን ይቀራል። የባለሙያው ማስተዋል አብዛኛው ያለው ደግሞ በመንገዱ ላይ በመሆኑ፣ መንገዱን በወረቀት ሳያሰፍሩ ሶፍትዌር መለወጥ የቀረጻውን እኩሌታ ጥሎ እንደ መሰደድ ነው።

(«ባስ» የሚለው ቃል ከቤዝ ጊታርም ሆነ ከወፍራም ድምፅ ጋር ግንኙነት የለውም። ከላቲን «ኦምኒቡስ»፣ ማለትም «ለሁሉም» ከሚለው ቃል የተቆረጠ ሲሆን፣ የከተማው አውቶቡስም፣ በኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ጣቢያ ብዙ መስመሮች የሚገናኙበት ወፍራም የብረት ዘንግም ስማቸውን ያገኙት ከዚያው ነው። ብዙዎች የሚሳፈሩበት አንድ ነገር ማለት ነው።)

ለዚህ አቋም ያበቃኝን ነገር ላውጋ። በ2004 ዓ.ም. ክረምቱ ከመግባቱ በፊት፣ ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ በሚገኝ መንደር፣ የአንድ አረጋዊ ማሲንቆ ተጫዋች ግቢ ውስጥ ቀረጻ አካሂጄ ነበር። መብራት ስላልነበረ ኮምፒውተሩና ስምንት ወይም ዘጠኝ ማይክሮፎን የሚቀበለው መሣሪያ ይሠሩ የነበረው በመኪና ባትሪ ነበር። ሁለት ማይክሮፎን ለማሲንቆው፣ ሁለት ለከበሮው፣ አንድ ለዋሽንቱ፣ አንድ ለአረጋዊው ድምፅ፣ ሁለት ለተቀባዮችና ለጭብጨባው፣ አንድ ደግሞ ለግቢው አጠቃላይ ድምፅ፤ በድምሩ ዘጠኝ ትራክ። የተጫወቱት በአምባሰል ቅኝት ነበር። ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶቻችን፣ ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ፣ ሁለቱ ስማቸውን ከወሎ ቦታዎች የወሰዱ መሆናቸው እንደሚታወቅ ሆኖ፣ አምባሰልን በወሎ ደጋ ላይ፣ በአረጋዊ እጅ፣ ያለ ማጉያ መስማት ሌላ ነገር ነው።

ከዓመታት በኋላ አረጋዊው አረፉ። በ2016 ዓ.ም. ልጃቸው የአባቱን ድምፅ ለቤተ ሰቡ መታሰቢያ ለማግኘት ፈለገ። የቀድሞው ኮምፒውተር ሞቶ፣ የቀድሞው ሶፍትዌርም በአዲሱ ኮምፒውተር ላይ አልሠራ ብሎ ስለ ነበር፣ ዘጠኙን የድምፅ ፋይሎች ወደ ሌላ ሶፍትዌር አዛወርሁ። ፋይሎቹ ሙሉ ነበሩ፤ አንዲት ሰከንድ አልጎደለችም። ትራኮቹን እንደ ቀድሞው በየፎልደሩ አስገባሁ፤ ከበሮ ከከበሮ፣ ማሲንቆ ከማሲንቆ፣ ተቀባይ ከተቀባይ። ባሶቹንም እንደ ቀድሞው ሠርቼ መስመሮቹን አገናኘሁ። ከዚያም ልጁን ጠርቼ አሰማሁት። ጥቂት አዳምጦ፣ «ጋሼ፣ የአባቴ ማሲንቆ ወዴት ሄደ?» አለኝ።

ከበሮው እንደ ነጎድጓድ ይወርዳል፤ ማሲንቆው ግን በጣሳ ውስጥ የገባ ይመስላል። ስህተቱ የእኔ ነበር። በቀድሞው ሶፍትዌር ፎልደር ማለት ትራኮችን በዓይን ለመሰብሰብ የሚያገለግል ማኅደር ብቻ ነበር፤ በአዲሱ ግን ፎልደር ራሱ ባስ ነው። ስለዚህ ከበሮው አንድ ጊዜ በፎልደሩ፣ ሌላ ጊዜ እኔ በሠራሁት ባስ፣ በድምሩ ሁለት ጊዜ ወደ ማስተር ይደርስ ነበር።

ይህ የስያሜ አንድነት የብዙ ሰው ወጥመድ ነው። በአማርኛ «ገና» የሚለውን ቃል አጥብቀን ስናነበው በዓል፣ አላልተን ስናነበው ጊዜው ያልደረሰ ነገር እንደሚሆን ሁሉ፣ «ፎልደር»ም በየሶፍትዌሩ አንድ ፊደል፣ ልዩ ልዩ ንባብ አለው። በሪፐር ትራክን በፎልደር ሥር ማስገባት ማለት ድምፁን ወደ ፎልደሩ ማፍሰስ ማለት ነው። በኪውቤዝ ፎልደር ገበታውን ለማጽዳት የሚያገለግል ሲሆን፣ ለመደመር «ግሩፕ» የሚባል ሌላ መስመር ይከፈታል። ፕሮ ቱልስ ለብዙ ዓመታት ፎልደር አልነበረውም፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ሲያስገባ ግን ሁለት ዓይነት አድርጎ አስገባው፤ አንዱ ለመሰብሰብ ብቻ፣ ሌላው ድምፅን ለማሳለፍም ጭምር። ሎጂክም እንዲሁ ሁለት ዓይነት ክምር አለው፤ አንዱ ማኅደር፣ አንዱ ደማሪ። ፕሮ ቱልስና ሎጂክ ልዩነቱን በስም ለይተው ማስቀመጣቸውን ይህ ጸሐፊ ይደግፋል። የሪፐር መንገድ ለፈጣን ሥራ የተመቸ ቢሆንም፣ ተማሪ መደርደርንና መደመርን አንድ ነገር አድርጎ እንዲማር ያደርጋል፤ መደርደር ለዓይን፣ መደመር ለጆሮ መሆኑን ማወቅ ደግሞ የዚህ ሙያ ፊደል ነው።

ወደ ቁጥሩ እንግባ። አንድ ድምፅ ከራሱ ጋር፣ ያለ አንዳች መዘግየት፣ ሁለት ጊዜ ሲደመር የሞገዱ ቁመት እጥፍ ይሆናል፤ ይህም በዲሲቤል ሲለካ 6 ገደማ ጭማሪ ነው። የከበሮው ነጎድጓድ ከዚህ የመጣ ነበር። የማሲንቆው ግን የባሰ ነው። በማሲንቆው ባስ ላይ ያስቀመጥሁት የድምፅ ማስተካከያ ፕሮግራም ለስሌቱ ጊዜ ይወስዳል፤ ሶፍትዌሩ ይህን መዘግየት እንዲያካክስ የሚያዘውን ቅንብር ደግሞ ቀደም ሲል ለሌላ ሥራ አጥፍቼው ረስቼዋለሁ። በሰከንድ 48,000 ናሙና በሚወስድ ቀረጻ ውስጥ 48 ናሙና ማለት 1 ሚሊ ሰከንድ ነው። አንድ ድምፅ ከ1 ሚሊ ሰከንድ በኋላ ከራሱ ቅጂ ጋር ሲገናኝ፣ 500 ኸርዝ ላይ የመጀመሪያው ሞገድ ጉባ ከሁለተኛው ሸለቆ ጋር ይገጥምና ይጠፋፋሉ፤ እንዲሁም በ1,500፣ በ2,500፣ በ3,500 እያለ ይቀጥላል። በእነዚህ መካከል ባሉት፣ በ1,000 እና በ2,000 ኸርዝ ላይ ደግሞ ድምፁ ይጎላል። የድግግሞሹ ሥዕል ሲነሣ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ስለሚታይ ክስተቱ በማበጠሪያ ይሰየማል። የማሲንቆ የፈረስ ጭራ ክርና በቆዳ የተለበጠው ሣጥኑ ለድምፁ ለዛ የሚሰጡትን ቃናዎች የሚያፈልቁት በዚሁ ክልል ነው። ማበጠሪያው አንዱን ጥሎ አንዱን ሲያነሣ የሚቀረው የጣሳ ድምፅ ነው።

እስከዚህ ያለው ስህተት ከታወቀ በኋላ በአንድ ደቂቃ የሚታረም ነው፤ ከሁለቱ መንገዶች አንዱን መዝጋት ብቻ ይበቃል። ይህ ጸሐፊ የሚፈራው ሌላውን፣ የማይሰማውን ስህተት ነው። እሱን ለመረዳት በሒሳብ ትምህርት ክፍል ሁላችንም የተማርነውን፣ ከፈተና በኋላ ግን የምንረሳውን አንድ ልዩነት ማስታወስ ያስፈልጋል።

አንድ አሠራር ቀጥተኛ ነው የሚባለው ሁለት ነገሮችን ደምሮ ማሳለፍና ለየብቻ አሳልፎ መደመር አንድ ውጤት ሲሰጡ ነው። የድምፅን መጠን መጨመርና መቀነስ ቀጥተኛ ነው። ወፍራሙን ወይም ቀጭኑን ድምፅ የሚያጎላው ማጣሪያም በመደበኛ አሠራሩ ቀጥተኛ ነው። እንግዲህ አንድ ባስ በውስጡ ያለው መጠን መቆጣጠሪያና ማጣሪያ ብቻ ከሆነ፣ ባሱን አፍርሰን ያንኑ ቅንብር በየትራኩ ላይ ብናስቀምጠው ምንም የሚለወጥ ነገር የለም። ኮምፕሬሰር ግን ቀጥተኛ አይደለም፤ ድምፁ ከተወሰነ ልክ ሲያልፍ ብቻ ነቅቶ የሚጨቁን በመሆኑ፣ ከድምሩ በፊት መቀመጡና ከድምሩ በኋላ መቀመጡ ፈጽሞ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

በምሳሌ እንየው። የከበሮው ሁለት ማይክሮፎኖች የያዙት ድምፅ እያንዳንዱ ከፍተኛው ልክ ከዜሮ በታች 12 ዲሲቤል ነው እንበል። ኮምፕሬሰሩ ደግሞ ከዜሮ በታች 10 ዲሲቤል ላይ እንዲነቃና ያለፈውን ወደ አንድ አራተኛ እንዲያወርድ ታዝዟል። ሁለቱ ድምፆች ተመሳሳይ ሆነው በባሱ ላይ ሲደመሩ ከዜሮ በታች 6 ይደርሳሉ፤ ልኩን በ4 ዲሲቤል አለፉ ማለት ነው። ኮምፕሬሰሩም 4ቱን ወደ 1 ያወርድና ከዜሮ በታች 9 ያወጣል። አሁን ባሱን አፍርሰን ያንኑ ኮምፕሬሰር በሁለቱ ትራኮች ላይ ለየብቻ እናስቀምጠው። እያንዳንዱ ድምፅ 12 ላይ ስለሆነ ልኩን አልነካም፤ ሁለቱም ኮምፕሬሰሮች እንቅልፍ ላይ ናቸው። ድምሩም ከዜሮ በታች 6 ሆኖ ይወጣል። ያው ትራክ፣ ያው ኮምፕሬሰር፣ ያው ቁጥር፤ ልዩነቱ 3 ዲሲቤል። በምት ሁሉ ላይ የሚደጋገም የ3 ዲሲቤል ልዩነት አንድን ከበሮ ከአጃቢነት ወደ አዛዥነት ይለውጠዋል። በእኔ ማስታወሻ ላይ «የከበሮ ኮምፕሬሰር» ተብሎ ቁጥሩ ሰፍሯል፤ በባሱ ላይ ይሁን በትራኮቹ ላይ ግን አልተጻፈም። ይኸው ነው መንገድን አለመጻፍ ማለት።

ማስተጋባቱም እንዲሁ ነው። አንድ ትራክ ወደ ማስተጋቢያው የሚልከው ድምፅ ከመጠን መቆጣጠሪያው በፊት የተቀዳ ከሆነ፣ ትራኩን እስከ መጨረሻው ብንቀንሰው ባለቤቱ ከግቢ ወጥቶ ጥላው የቀረ ያህል ማስተጋባቱ ብቻውን ይሰማል። ከመቆጣጠሪያው በኋላ የተቀዳ ከሆነ አብሮ ይጠፋል። አንዲት ትንሽ ቁልፍ ናት፤ በዝውውር ጊዜ ግን ማንም አያስታውሳትም።

እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ይቀርቡልኛል። የመጀመሪያው፣ «ሁሉም የሚጠቀምበትን ሶፍትዌር ምረጥ፤ ከዚያም አትለውጥ» የሚለው ነው። ምክሩ መልካም ነበር፤ ሶፍትዌሩ ባይለወጥብን። አፕል ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2002 ኢማጂክን ከገዛ በኋላ ሎጂክ በዊንዶውስ ላይ መሥራቱ ቆመ። ጊብሰን እ.ኤ.አ. በ2017 ሶናር የተባለውን ሶፍትዌር ማዘጋጀት አቆመ፤ ባንድላብ በሚቀጥለው ዓመት ባያነሣው ኖሮ ተጠቃሚው ሜዳ ላይ በቀረ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የአፕል ማክ ሥርዓት ደግሞ ለ32 ቢት የተሠሩ ፕሮግራሞችን በሙሉ ከደጅ መለሰ። በመሆኑም ለውጡን የምንመርጠው እኛ ላንሆን እንችላለን።

ሁለተኛው ተቃውሞ ጠንከር ያለ ነው፤ «የተቀላቀለው ሥራ ካለ መንገዱ ምን ያደርጋል?» የሚል። ለዚህ ወደ ኋላ ሄዶ ማየት ያሻል። አምሃ ሪከርድስ እ.ኤ.አ. ከ1969 እስከ 1975፣ ካይፋ ሪከርድስም በ1970ዎቹ ያሳተሟቸውን ሸክላዎች እናስታውስ። ፍራንሲስ ፋልሴቶ «ኢትዮፒክስ» የተባለውን ተከታታይ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ ማሳተም ሲጀምር፣ የዚያን ዘመን ማደባለቂያ መሣሪያም ሆነ የሽቦውን አገናኝ ንድፍ ማግኘት አላስፈለገውም። ተደምሮ ያለቀ ድምፅ ነበርና። የማሕሙድ አሕመድ «እሬ መላ መላ» ብራስልስ ላይ እ.ኤ.አ. በ1986 ዳግም ሲታተምም እንዲሁ። ይህ እውነት ነው፤ ያለቀ ድምፅ ከማንኛውም ሶፍትዌር ይልቅ ዕድሜ አለው። ስለዚህ ማንም ቀረጻ ያካሄደ ሰው ያለቀውን ቅልቅል በተራ የድምፅ ፋይል ሳያስቀምጥ ማደር የለበትም።

ነገር ግን ያለቀ ድምፅ አይከፈትም። የቦረናን ማሲንቆ ጣት አጣጣል ሊያጠና የሚፈልግ ተመራማሪ፣ ከበሮውን ቀንሶ ማሲንቆውን ብቻ ሊሰማ ይሻል። በመካነ ሰላምና በቱሉ አውሊያ ግቢዎች ያሉት የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነገ የአካባቢውን መንዙማ፣ ቀረርቶና የሠርግ ዘፈን ለጥናት ቢፈልግ፣ ሸክላ ብቻ ብናወርሰው በዓባይ ዳር የቆመው ሰው ዕጣ ይደርሰዋል።

ታዲያ ምን ይደረግ? ኦኤምኤፍና ኤኤኤፍ የተባሉት የዝውውር ቅርጾች ድምፁ በየትኛው ሰከንድ ላይ እንደተቀመጠ ያሸጋግራሉ፤ ባሶቹንና በላያቸው ያሉትን ፕሮግራሞች ግን በአግባቡ አያሸጋግሩም። ቢትዊግና ፕሪሶነስ እ.ኤ.አ. በ2023 ይፋ ያደረጉት «ዶውፕሮጀክት» የተባለው ክፍት ቅርጽ መንገዱንም ለማሸጋገር የታሰበ በመሆኑ ደስ ያሰኛል፤ ሆኖም ሁሉም ሶፍትዌሮች አልተቀበሉትም። እስከዚያ ድረስ የሚያስተማምነው ወረቀት ነው። ሳጥንና ቀስት ያለበት አንድ ገጽ ንድፍ፤ ከየትኛው ትራክ ወደ የትኛው ባስ፣ ኮምፕሬሰሩ ከድምሩ በፊት ወይስ በኋላ፣ መላኪያው ከመቆጣጠሪያው በፊት ወይስ በኋላ፣ መጠኑ ስንት። ከንድፉ ጋር ጥሬዎቹ ትራኮች ሁሉም ከአንድ መነሻ ሰከንድ ጀምረው፣ እያንዳንዱም ባስ ለየብቻ ተቀድቶ፣ የአውሮፓ ብሮድካስቲንግ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጣው የብሮድካስት ዌቭ ቅርጽ ይቀመጡ። ቦታ ይፈጃል የሚል ካለ ያስላው፤ ዘጠኝ ትራክ፣ በሰከንድ 48,000 ናሙና፣ ለናሙናው 3 ባይት፣ ለአንድ ሰዓት 4.7 ጊጋባይት ያህል ነው። ከአንድ ኪስ ውስጥ ፍላሽ አያልፍም።

ዝውውሩ መሳካቱንም በጆሮ ብቻ መፍረድ አይገባም። የተቀዱትን ባሶች በአዲሱ ሶፍትዌር ውስጥ ያለ ምንም ለውጥ ደምሮ፣ የቀድሞውን ያለቀ ቅልቅል ምልክቱን ገልብጦ፣ ማለት ጉባውን ሸለቆ አድርጎ፣ አብሮ ማጫወት ነው። ፍጹም ዝምታ ከሆነ መንገዱ ተሻግሯል። የቀረ ድምፅ ካለ፣ የቀረው ድምፅ ራሱ ስህተቱ የት እንዳለ ይናገራል። ለዚህ ፈተና ግን በማስተሩ ላይ ኮምፕሬሰር መኖር የለበትም፤ ምክንያቱን አንባቢ ከላይ ካየነው የከበሮ ምሳሌ ያገኘዋል። ይህን ፈተና በፊዚክስ ቤተ ሙከራ ለመሥራት አንድ ኮምፒውተርና አንድ ጆሮ ማዳመጫ ስለሚበቃ፣ ሞገድን በገመድና በውኃ ገንዳ ብቻ ማስተማራችን እንዳለ ሆኖ በማሲንቆና በከበሮም ብናስተምር የሚጎዳ የለም።

ወደ አረጋዊው ልጅ ልመለስ። የተደገመውን መንገድ ዘግቼ፣ መዘግየቱን አስተካክዬ፣ ኮምፕሬሰሩን አንዴ በባሱ፣ አንዴ በትራኮቹ ላይ እያደረግሁ አሰማሁት፤ ያለ ማመንታት የባሱን መረጠ። የማስተጋባቱ መጠን ግን ከማስታወሻዬ ላይ በውኃ ጠፍቶ ነበር። በግምት አስገባሁና አጫወትሁለት። «ቀንሰው፣ ጋሼ» አለኝ። ቀነስሁ። «አሁንም ቀንሰው፤ የኛ ግቢ እንዲህ አያስተጋባም።» በመጨረሻ ሙሉ በሙሉ ዘጋሁትና ዘጠነኛውን ትራክ፣ የግቢውን ማይክሮፎን ጥቂት ከፍ አደረግሁለት። ሩቅ የሚጮኽ አውራ ዶሮ ተሰማ፤ እሱንም እንዳላጠፋው ለመነኝ።